ከፍርዱ በፊት ያለችው ፋታ

በ2071 ዓ.ም. እስከ መጨረሻው ደቂቃ የሚዘልቅ የእግር ኳስ ግጥሚያ ብርቅ ነበር። ውጤቱ እንደማይለወጥ በማሽን ሲረጋገጥ ዳኛው ፊሽካውን ይነፋል፤ ተመልካቹም ሳያጉረመርም ተነስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የቀበሌ ምርጫ ረፋዱ ላይ ይዘጋል። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው የሀሴት ወንድወሰን የመነጽር ሱቅ ደንበኞች መነጽር መሞከር ከተዉ ቆይተዋል። መስተዋቱ ፊት ይቆማሉ፤ ብዙ ቢያነሱ ብዙ ቢጥሉ በመጨረሻ የሚመርጡት የትኛውን እንደሆነ ይነገራቸዋል፤ እሱኑ አጥልቀው ይወጣሉ። ሀሴት መጀመሪያ ሰሞን «ሌላም ይሞክሩ እንጂ» ትል ነበር። ሰዎቹ ግራ ተጋብተው ሲያዩዋት ጊዜ ተወችው።

ወደዚህ ኑሮ ቀድሞ የገባው ቼዝ ነው። ሰሌዳው ላይ የቀሩት ጠጠሮች ስምንት ሲሆኑ ጨዋታው ያልቃል። በስምንትና ከዚያ ባነሱ ጠጠሮች ሊፈጠር የሚችል አቀማመጥ ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ከነውጤቱ መዝገቡ በሚባለው የማሽን ክምችት ውስጥ አለ። ከጠረጴዛው በላይ ከተሰቀሉት ሦስት አምፖሎች አንዱ ይበራል፤ ነጩ ከበራ ነጭ አሸነፈ፣ ቀዩ ከበራ ጥቁር አሸነፈ፣ ሰማያዊው ከበራ እኩል ወጡ ማለት ነው። ተጫዋቾቹ ተጨባብጠው ይነሳሉ። በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳ፣ በመቀሌ አምፖሉ የሚበራው ጠጠሩን ያነሳው እጅ ገና ወደ ቦታው ሳይመለስ ነው። የባላጋራውን ንጉሥ መውጫ አሳጥቶ በእጁ ማት አድርጎ የሚያውቅ ሰው የፈለገ፣ በዕድሜ የገፉ ሽማግሌዎችን ማፈላለግ ነበረበት።

ድሬዳዋ ግን ፋታ ነበራት።

መዝገቡ እጅግ ሰፊ ስለሆነ ተጨምቆ፣ ስፍር ቁጥር በሌላቸው ጥቅሎች ታስሮ ነው የሚቀመጠው። አንዲት መስመር ለማንበብ መስመሯ ያለችበትን ጥቅል ሙሉውን መፍታት ግድ ይላል። ሕጉ ደግሞ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ግልባጭ በራሱ ማሽን እንዲያነብ ያዛል። የድሬዳዋው ማሽን አሮጌ ነው፤ በዚያ ላይ ሙቀቱ ያደክመዋል። ስለዚህ ስምንት ጠጠር ላይ ከተደረሰ በኋላም አምፖሎቹ ጨልመው ይቆያሉ። ለዚህ የሚሆን አንቀጽ በደንቡ ውስጥ ነበረ፦ ፍርዱ እስኪደርስ ተጫዋቾቹ መቀጠል ይችላሉ፤ ከፍርዱ በፊት አንዱ ማት ከሆነ ወይም እጅ ከሰጠ የሚጸናው በሰሌዳው ላይ የተገኘው ውጤት ነው። ደንቡን ያረቀቁት ሰዎች አንቀጹ አንድ ቀን ሥራ ላይ ይውላል ብለው ያሰቡ አይመስልም።

የድሬ ሰው ያችን ጊዜ «ፋታ» ብሎ ይጠራት ነበር። ከአሮጌ የባቡር ጋራዥ የተሠራው አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት የሚጨናነቀው ለእሷ ሲባል ነበር። እስከዚያ ድረስ ሰው ያወራል፣ ይሳሳቃል፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። ስምንት ጠጠር ሲቀር አዳራሹ ጭጭ ይላል።

በፋታ ውስጥ ሀሴትን የሚችላት አልተገኘም። ከሌላ ከተማ የሚመጡት ተጫዋቾች፣ አንዳንዶቹ ስማቸው በአገር የታወቀ፣ ስምንት ጠጠር ሲቀር ምን እንደሚደረግ አያውቁም። ማንም አላስተማራቸውም፤ ለምን ብሎ? ሀሴት ግን እዚያ ነው ጨዋታዋ የሚጀምረው። አትቸኩልም፣ አትዘገይም። የተሸነፈችበትን አቀማመጥ ይዛ ትገባና አምፖሉ ሳይበራ አሸንፋ ትወጣለች። ፍርዱ ዘግይቶ ደርሶ ቀዩ ሲበራ፣ ያሸነፈችው እሷ ነጭ ሆና ሳለ ማለት ነው፣ አዳራሹ በሳቅ ይፈነዳል። «አቦ፣ ደሞ አሁን መጣሽ?» ይሏታል አምፖሏን።

ባሏ ኪሩቤል የሚሠራው እዚያው ከአዳራሹ ጀርባ፣ ማሽኑ ያለበት ክፍል ውስጥ ነበር። ማሽኑ እንዳይግል ይጠብቃል፣ ጥቅሎቹን ያደራጃል። የሚስቱን ጨዋታ ገብቶ አይቶ አያውቅም፤ ጭብጨባውን በግድግዳው በኩል ይሰማል። ክፉ ባል አልነበረም። ዝም የሚል ባል ነበር። ልጃቸው አርሴማ ሥራ አግኝታ ወደ ሐዋሳ ከሄደች ወዲህ ደግሞ ዝምታው ቤቱን ሞላው። ምሳ ይበላሉ፣ ሳህኑን እሱ ያጥባል፣ እሷ ጋደም ትላለች። ድሬዳዋ በቀትር ሱቋን ዘግታ የምታርፍ ከተማ ናት፤ ለሀሴት ከቀኑ ሁሉ ረጅሙ ያ የቀትር እረፍት ነበር።

አንድ ቀን በዚያ እረፍት ላይ ኪሩቤል እጁን በፎጣ እያደረቀ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እስቲ ቅዳሜ ያሸነፍሽባትን አሳዪኝ» አላት።

«የቷን?»

«ከጅግጅጋው ልጅ ጋር የተጫወትሽውን።»

ሀሴት ቀና አለች። «ምን ነካህ ዛሬ?»

«ምን ይነካኛል? አገር ሁሉ ያወራል። የማላውቀው እኔ ባልሽ ብቻ ነኝ።»

ሰሌዳውን አመጣች። ጓሮ በር ላይ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ተቀመጡና ጠጠሮቹን ደረደረች። ቀስ እያለች አሳየችው። እሱ ከልቡ ነበር የሚያየው፤ በየመሃሉ እጇን ይይዝና ያስቆማታል።

«እዚህ ጋ ግንቡን ለምን አላንቀሳቀስሽም?»

«ግንቡ የት ይሄድብኛል? መጀመሪያ ለንጉሡ ጥላ ፈልግለት። ፀሐይ ላይ የቆመ ንጉሥ ማሰብ አይችልም።»

«ጥላ?»

«ቼክ የማይደርስበት ቦታ ነዋ። ከራሱ ወታደር ጀርባ ሊሆን ይችላል፣ ከግንቡ ሥር ሊሆን ይችላል። እኔ ጥላ ነው የምለው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ይስቁብኛል።»

ኪሩቤል አልሳቀም። «ጥላ» አለ ቀስ ብሎ።

በማግስቱም መጣ። ከዚያ በኋላ የቀረበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። ፓፓያ ቆርጦ፣ ሎሚ ጨምቆበት ይዞ ይመጣል፤ እሷ ታሳየዋለች። ከጨዋታው ይልቅ የሚያጓጓው የሚስቱ ሐሳብ ነበር። ምን እንዳደረገች ሲያይ ለምን እንዳደረገችው ይጠይቃል፤ ስትነግረው ደግሞ ሌላ ምን አስባ እንደተወችው ይጠይቃል። ሰው እንዲህ ጠይቋት አያውቅም። የምትፈራውንም ነገረችው፦ ጳጳሶች ብቻ ሲቀሩ ልቧ እንደሚጨነቅ፣ ሲደክማት ወደ ግራ በኩል መሄድ እንደሚቀናት፣ ተጋጣሚዋ ዕድሜው ከገፋ ሳታውቀው እንደምትራራለት። እነዚህን ነገሮች እሷ ራሷ እንኳ ስትናገራቸው ነው የሰማቻቸው።

«ሀሲ» ብሎ ይጠራት ጀመር፤ በመጀመሪያው ጊዜ፣ ሊያገባት ሲመላለስ እንደሚጠራት። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እያስተናገደች ሰዓቱ አልሄድ ይላት ነበር። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ምንም ያህል ያልቀራት ሴት በቀትር ወደ ቤቷ ፈጠን ብላ ስትሄድ የጎረቤት ሱቅ ሴቶች «ሀሴት ምን አግኝታ ነው?» ይባባሉ ነበር።

አንድ ጊዜ ደግሞ ወሬው ወደ እሱ ሥራ ዞረ።

«አንተስ? ያ ማሽንህ ለምንድን ነው እንዲህ የሚዘገየው?»

«ማንበቡ አይደለም የሚያዘገየው» አላት። «ማንበብማ ቅጽበት ነው። የትኛው ጥቅል ውስጥ እንዳለ ማግኘትና ጥቅሉን መፍታት ነው ጊዜ የሚበላው። ቅርብ ጊዜ የተፈታ ጥቅል ከሆነ እንዳለ እናስቀምጠዋለን፤ ዳግም ከተጠየቀ ወዲያው ነው። ግን ሁሉን ፈትቶ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ቦታ የለማ።»

«እንግዲያው ገና ሳትጠየቁ ለምን አትፈቱትም?»

«የትኛውን? ጥቅሎቹ እኮ ማለቂያ የላቸውም።»

«የምሄድበትን ነዋ!» አለችና በራሷ ቀልድ ሳቀች። ኪሩቤልም ሳቀ። ፓፓያውን አጉርሷት ተነሳ።

የዚያ ዓመት የከተሞች ዋንጫ ምድብ ድሬዳዋ ላይ ሲካሄድ ሀሴት ነጩን ይዛ የገጠመችው የሐረሩን ረምዚን ነበር። ረምዚ ጠጉሩ ከግንባሩ የሸሸ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ትሑት ሰው ነው። ዳኛዋ ነኢማ ናት፤ ከሀሴት ጋር አንድ ሰፈር ነው ያደጉት። አዳራሹ ሞልቷል። ፊት ለፊት ከወትሮው የተለዩ እንግዶች ተቀምጠዋል፤ ከአዲስ አበባ፣ ከመዝገቡ ዋና መሥሪያ ቤት እንደመጡ ተነግሯል።

ጨዋታው እንደተጠበቀው ሄደ። ረምዚ በወታደር በለጣት። ሀሴት አላሳሰባትም፤ የምትሄድበትን አውቃለች። ግንቧን ሰጥታ ግንብ ልትወስድ፣ ከዚያ ንጉሧን ከሁለቱ ወታደሮች ጀርባ ልታስገባ። ረምዚ እዚያ እንደሚሳሳት እርግጠኛ ነበረች። የእሱን ግንብ አነሳች። ስምንት ጠጠር ቀረ። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ።

ቀዩ አምፖል በራ።

ሀሴት ግንቡን ገና ከእጇ አላስቀመጠችውም። ቀና ብላ አምፖሉን አየችው፤ ከዚያ ነኢማን አየቻት። ነኢማም አምፖሉን እያየች ነበር።

«ተበላሽቶ ይሆናል» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

አልተበላሸም። ነኢማ ወደ ማሽኑ ክፍል ደርሳ ተመለሰችና ጎንበስ ብላ በጆሮዋ ነገረቻት። «ትክክል ነው አሉ። ጥቅሉን አስቀድመው ፈትተውት ነበር። ሀሲ፣ የት እንደምትሄጂ አውቀው ነበር።»

ረምዚ እጁን ዘረጋላት። ያፈረ ይመስል ነበር። ሕዝቡ አላጨበጨበም፤ ምን ማድረግ እንዳለበት አላወቀም።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ቤካ የሚባል ወጣት ኢንጂነር፣ ማይክራፎን ይዞ ተነሳ። ፊቱ ደስታ በደስታ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ድሬዳዋ ከሌሎቹ ከተሞች እኩል መሆኗን አበሰረ። አዲስ ማሽን እንዳልተገዛ፣ ያው አሮጌው እንደሆነ፣ ፍጥነቱ የመጣው ከእውቀት መሆኑን አስረዳ።

«ጥቅል በፍጥነት መፍታት አንድ ነገር ነው» አለ። «ከዚያ የሚበልጠው ግን የትኛው ጥቅል እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ተጫዋቹ ገና አሥራ ሁለት ጠጠር እያለ ሐሳቡ የት እንደሚያመራ ከተረዳን፣ ፈትተን እንጠብቀዋለን። ለዚህ የተጠቀምንበትን ዘዴ ጥላ ፍለጋ ብለነዋል። ፀሐይ ላይ የቆመ ንጉሥ ማሰብ አይችልምና፣ ተጫዋች ከሁሉ በፊት ለንጉሡ ጥላ ይፈልግለታል። ጥላው የት እንደሆነ ካወቅን የቀረውን መንገድ አወቅነው ማለት ነው።»

ሀሴት መጀመሪያ የሆነ ቦታ ሳታውቅ የተናገረችው መሰላት። ከዚያ የማሽኑ ክፍል በር ላይ ኪሩቤልን አየችው። ቆሟል። ወለሉን ያያል።

ኢንጂነሩ ንግግሩን ሲጨርስ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጣት። «ወይዘሮ ሀሴት፣ እርስዎን ማግኘቴ ክብር ነው። ያለ እርስዎ ፈቃደኝነት ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።»

«ፈቃደኝነት» አለች ሀሴት።

«አቶ ኪሩቤል ሁሉን ነግረውናል። በትዕግሥት፣ በየቀኑ…»

እጇን ከእጁ አወጣች።

እሷና ኪሩቤል ወደ ቤት የሄዱት በእግራቸው ነው፤ ፀሐይዋ አልጠለቀችም ነበር። የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ሲያቋርጡ እሷ ቀደም፣ እሱ ኋላ ቀረት ብለው ይሄዱ ነበር። መሃሉ ላይ ሲደርሱ ቆመችና ዞረች።

«ስትጠይቀኝ ትቀዳኝ ነበር?»

«ሀሲ…»

«ሀሲ አትበለኝ። ትቀዳኝ ነበር ወይ ነው ያልኩህ።»

«አዎ።»

«ፓፓያውን እየሰጠኸኝ።»

«ቅርንጫፉን ሊዘጉት ነበር» አለ ኪሩቤል። «ፋታዋ አሳፍራቸዋለች። ሁላችንንም ሊበትኑን፣ ውድድሩንም ከድሬ ሊያነሱት ነበር። ዋንጫውም አዳራሹም ይቀር ነበር። አንቺም የምትጫወቺበት አይኖርሽም ነበር።»

«ለእኔ ብለህ ነው እንግዲህ።»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«ጳጳስ እንደምፈራ ነግረሃቸዋል?»

ኪሩቤል አሸዋውን በጫማው ገፋ።

«ሲደክመኝ ወደ ግራ እንደምሄድስ?»

«ሁሉንም» አለ።

በአሸዋው ላይ አህያ የሚነዳ ሰው ሰላም ብሏቸው አለፈ፤ ሁለቱም መለሱለት። ከዚያ ሀሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከጨዋታው ሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋትን ጥያቄ ጠየቀችው።

«የመጀመሪያው ቀን። የጅግጅጋውን ልጅ አሳዪኝ ያልከኝ ቀን። እሱም ለእነሱ ነበር?»

ኪሩቤል ቀና ብሎ አያት። «አይደለም። መጀመሪያ ለአንቺ ነበር። ስላንቺ ሲያወሩ እየሰማሁ ቀናሁ። እነሱ የጠየቁኝ በኋላ ነው፣ ወራት ካለፉ በኋላ። እምልልሻለሁ።»

ሀሴት አመነችው። ወይም ልታምነው ፈለገች፤ በዚያ ሰዓት ሁለቱን መለየት አልቻለችም። ያም ሆኖ በማግስቱ ልብሷን በሻንጣ አድርጋ ወደ ሱቋ ሄደች። ከሱቁ ጀርባ ዕቃ የሚከማችበት ጠባብ ክፍል ነበር። ካርቶኖቹን ገፋ ገፋ አድርጋ አልጋ አስገባችበት።

የዋንጫው ፍጻሜ እዚያው ድሬ ከረምዚ ጋር በድጋሚ አገናኛት። በመካከሉ የነበሩትን ጨዋታዎች ያሸነፈችው ስምንት ጠጠር ሳይደርስ ነው፤ ደረቅ፣ ማንም የማያስታውሳቸው ጨዋታዎች ነበሩ። አዳራሹ በግማሽ ባዶ ሆኗል። ፋታ የሌለችበትን ጨዋታ ሰዎች ቤታቸው ሆነውም ያዩታል።

ከፍጻሜው በፊት ነኢማ ሱቋ መጥታ ነበር። «እኩል ከወጣሽ ይበቃሻል እኮ» አለቻት። «እስካሁን በሰበሰብሽው ነጥብ ትበልጪዋለሽ። ዋንጫው ያንቺ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ፊትሽ ምነው?»

«ነኢማ፣ ሰሌዳው ላይ እጄን ስዘረጋ የማስበው ነገር ሁሉ የተወሰደብኝ ይመስለኛል። ገና ሳስበው እዚያ ተቀምጦ የሚጠብቀኝ አለ። በገዛ ቃሌ።»

ነኢማ ትከሻዋን አቀፈቻት።

ጨዋታው ረጅም ነበር። ጥቂት ጠጠሮች ሲቀሩ የሀሴት ወታደር የመጨረሻው ረድፍ ላይ ደረሰ። ማንም ሰው፣ ሕፃንም ቢሆን፣ እዚያ ሲደርስ ንግሥት ይወስዳል። ነኢማ ንግሥቲቱን አንስታ አቀበለቻት።

«ፈረስ ነው የምፈልገው» አለች ሀሴት።

«ፈረስ?»

«አዎ።»

«ሁለቱም ፈረሶችሽ እኮ ሰሌዳው ላይ ናቸው።»

«ሦስተኛ አምጪልኝ።»

በአዳራሹ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሳ። ነኢማ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄዳ ከሌላ ሰሌዳ ነጭ ፈረስ አመጣች፤ ቀለሙ ትንሽ ቢጫ ያለ፣ ከሌሎቹ ቁመቱ የሚያንስ ፈረስ። ሀሴት ቦታው ላይ አቆመችው። ረምዚ ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ አየና ጠጠር በላ። ስምንት ቀሩ፦ ሦስት ፈረስና ንጉሥ በእሷ በኩል፣ ንግሥትና ሁለት ወታደር ከንጉሡ ጋር በእሱ በኩል።

አምፖሎቹ አልበሩም።

መጀመሪያ ያስተዋለው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ጀርባውን የሰጠ ሰው ዞረ። ውጭ በረንዳ ላይ የነበሩት ገቡ። ግድግዳው ወዲያ ማሽኑ ሲያጓራ ይሰማል፤ ፈትቶ ያስቀመጣቸው ጥቅሎች ሁሉ የንግሥት ነበሩ። ይህንን ጥቅል ማንም ጠይቆት አያውቅም።

«ሀሴት እህቴ» አለ ረምዚ በሹክሹክታ፣ «እንቀጥል እንዴ?»

«የእርስዎ ተራ አይደለም፣ የኔ ነው» አለችውና አንቀሳቀሰች።

ተጫወቱ። ረምዚ ንግሥቱን አንስቶ የት እንደሚያደርጋት ግራ ይገባዋል። ሀሴት ፈረሶቿን እርስ በርስ እንዲጠባበቁ አደረገቻቸው። ጥላ አልፈለገችም። ንጉሧን ወደ ሰሌዳው መሃል፣ ወደ ፀሐዩ አወጣችው። እንዲህ ብትጫወት እንደምትሸነፍ ታውቅ ነበር፤ ከዚህ ሌላ ግን የእሷ ብቻ የሆነ መንገድ አልቀረላትም። ረምዚ ቀስ በቀስ ተረጋጋ። አንዱን ፈረስ በላ። ፊቱ ፈካ። ንግሥቱ ከቼክ ወደ ቼክ እየዘለለች የሀሴትን ንጉሥ ወደ ጥግ ነዳችው፤ በመጨረሻ አንድ ቦታ ላይ አስቀመጣትና እጁን ሳያነሳ ቆየ። አስቦ፣ ደግሞ አስቦ፣ እጁን አነሳ።

«ማት» አለ። ከዚያ ያልሰሙት ይመስል ጮክ አድርጎ ደገመው። «ማት! ወላሂ ማት ነው። በሕይወቴ ብዬው አላውቅም።»

«ማት ነው» አለች ሀሴት፤ ንጉሧንም አስተኛችው።

ሕዝቡ ሲነሳ ወንበሮቹ ተንጓጉ። ጭብጨባው መሃል ላይ ሰማያዊው አምፖል በራ። መዝገቡ እኩል ናቸው ብሎ ነበር። ቁጭ ብላ ብትጠብቅ ዋንጫው የእሷ ነበር፤ አሁን ግን የሚጸናው የሰሌዳው ውጤት ነው። ረምዚ አምፖሉን አይቶ የሆነውን ሲረዳ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ኢንጂነር ቤካ በበኩሉ ወደ ማሽኑ ክፍል እየተጣደፈ ነበር፤ «የፈረሱንም ጨምሩት፣ የፈረሱንም» ሲል ነኢማ ሰምታዋለች። ጨመሩትም። ከዚያ ቀን በኋላ ድሬዳዋ ውስጥ ፋታ አልታየችም። ሀሴትም ወደ አዳራሹ አልተመለሰችም።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲገባ ኪሩቤል ወደ ሱቁ መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ ሰሞን ቆሞ ብቻ ይመለስ ነበር። ከዚያ የተሰበረ መደርደሪያ ጠገነላት። ከዚያ አርሴማ ከሐዋሳ የላከችውን ወሬ ይነግራታል፤ ልጅ ልትወልድ ነው። ስለ ቼዝ አንድም ቃል አይናገርም። ሥራውንም ለቋል፤ አሁን ማቀዝቀዣ መጠገን ይዟል፤ ሲመጣ እጁ ቅባት ቅባት ይላል።

ሀሴት ልቧ መላላቱን ያወቀችው አንድ ቀን ሲዘገይ በሩን በሩን ማየቷ ሲታወቃት ነው። ኪሩቤል ሲጠይቃት የከረመበትን ያን ዓመት እያሰላሰለች ብዙ ቀን አሳልፋለች። ከዓመቱ የሚበልጠው እጅ ውሸት ነበር፤ እሱን ቆርጣ ጥላዋለች። የመጀመሪያዎቹን ወራት ግን መጣል አልቻለችም። ቀንቶ የመጣባቸውን፣ ለእሷ ብቻ የመጣባቸውን። አንድ ሰው ከዚያ ላይ ተነስቶ ቤት መልሶ መሥራት ይችላል አለች ለራሷ። አርሴማ ስትወልድ አንድ ላይ ሆነው ሊቀበሏት ይገባል።

«እሑድ ና» አለችው። «ዕቃዬን ታግዘኛለህ።»

ኪሩቤል በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

እሑድ ጠዋት ሲመጣ ሻንጣዋ በሩ አጠገብ ተዘጋጅቷል፣ አልጋው ተነጥፏል። ኪሩቤል ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ሻንጣውን ሊያነሳ ጎንበስ አለና ሳያነሳው ቀና አለ።

«ከመሄዳችን በፊት የምነግርሽ አለ» አላት። «ሁሉን አውቀሽ እንድትመጪ ነው የምፈልገው። ከእንግዲህ አንድም ነገር ልደብቅሽ አልፈልግም።»

«ምንድን ነው?»

«ያን ቀን አሸዋው ላይ የጠየቅሽኝን ዋሸሁሽ። መጀመሪያ የጠየቁኝ እነሱ ናቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ከመቀመጤ ከሳምንታት በፊት። የጅግጅጋውን ጨዋታ የመረጡልኝም እነሱ ናቸው፤ ከእሱ ጀምር ብለውኝ ነው።» ትንፋሹን ሳበ። «ለአንቺ የሆነው በኋላ ነው፣ ሀሲ። እያዳመጥኩሽ ነው የወደድኩሽ። እንደገና። ይሄ እውነቴ ነው። ይኸው አሁን ሁሉን አወቅሽ።»

ሀሴት ቆማ ታየው ነበር። ፊቱ ላይ የምታየው ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው እፎይታ ነው። ያ እፎይታ ከነገራት ነገር ይልቅ አመማት። ከኋላዋ የነበረውን የአልጋ ጠርዝ በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

«ማን ጠየቀህ?» አለችው።

«እንዴት?»

«ዛሬ ማን ጠየቀህ? እኔ እኮ ጨርሻለሁ። ሻንጣዬን ዘግቻለሁ።»

«እውነቱን ማወቅ ያለብሽ መስሎኝ ነው።»

«ይህን ባትነግረኝ ኖሮ እመጣ ነበር፣ ኪሩቤል።»

ውጭ መንገዱ ላይ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማና ራቀ። ሀሴት ተነስታ ሻንጣውን ከበሩ አጠገብ አነሳችው፤ አልጋው ላይ አስቀምጣ ዚፑን ከፈተችው። ቀሚሶቿን እያወጣች፣ ሽንሽናቸውን በመዳፏ እያስተካከለች፣ ወደ መስቀያው መለሰቻቸው። ኪሩቤል የመጨረሻው እስኪሰቀል ቆሞ አያት፤ ከዚያ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።